ባለቤቱ በሌለበት የተተወ ድምፅ

በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በሰም ጥቅል ላይ የተቀረጸ ድምፃቸውን ላኩ። አዲስ አበባ ሲደርስ ምኒልክ ደጋግመው አዳመጡት፣ ቆመውም ሰሙት፣ ለክብሩም መድፍ ተተኮሰ። ከዚያስ? ጥቅሉ እንዲጠፋ ተደረገ። ንግሥቲቱ አስቀድመው፣ ከተሰማ በኋላ አይቀመጥ ብለው ነበርና። ምኒልክና ጣይቱ በ1899 በተራቸው የቀረጹት መልስ ግን ተርፎ እስከ ዛሬ ለንደን ውስጥ ይገኛል።

ለመሆኑ ንግሥቲቱ ምን ፈሩ? ደብዳቤ ሲጽፉ እኮ ይቃጠል አላሉም። እኔ እንደሚመስለኝ የፈሩት የራሳቸው ድምፅ እሳቸው በሌሉበት፣ እሳቸው ላላሰቡት ሰው መናገሩን እንዳይቀጥል ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ስለ እርሱ ሆኖ ስልክ የሚያነሣውን መሣሪያ፣ በተለምዶ አንሰሪንግ ማሽን የምንለውን ዕቃ ታሪክ ሳገላብጥ ይኸው ፍርሃት ደጋግሞ ገጠመኝ። መሣሪያው ዘግይቶ አልተፈለሰፈም። ዘግይቶ ተፈቀደ እንጂ።

በዚያው በ1898፣ ኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ የሠራ ቫልዴማር ፖልሰን የሚባል ዴንማርካዊ፣ ቴሌግራፎን ላለው መሣሪያ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በስልክ የሚመጣው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነውና፣ ሞገዱ በትንሽ ኤሌክትሮማግኔት ውስጥ ሲያልፍ ማግኔቷ በአጠገቧ በሚሮጥ የብረት ሽቦ ላይ ምልክቷን ትተዋለች። ሽቦውን እንደገና ስታስሮጠው ድምፁ ይመለሳል። እንደ ሰም አይፋቅም፣ አያልቅም፤ የቀድሞውን አጥፍቶ አዲስ መቅረጽ ይቻላል። በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ድምፃቸውን ሰጡበት፤ ያም ቅጂ ዛሬም ይሰማል። ታዲያ ፖልሰን ይህን ሁሉ የደከመው ለንጉሥ አልነበረም፤ ተደውሎለት ከቤቱ ለታጣ ተራ ሰው ነበር። ችግሩ ድምፁ እጅግ ቀጭን መሆኑ ነው፤ ማጉያ የሚባል ነገር ገና አልተሠራም። ንግዱም ሳይቃና ቀረ።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በቤል ላቦራቶሪዎች፣ ክላረንስ ሂክማን የተባለ ሳይንቲስት በማግኔት ቴፕ የሚሠራ መልእክት ተቀባይ ሠራ። ስልኩ ሲጠራና የሚያነሣው ሲጠፋ መሣሪያው ራሱ ያነሣል፣ መልእክት ያስተላልፋል፣ የደዋዩንም ቃል ይቀርጻል። ማጉያውም አለ፣ ቴፑም አለ። ምን ቀረ? የላቦራቶሪው ጌታ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ነገሩ ገበያ እንዳይወጣ አደረገ። ይህን በ1990ዎቹ የቆዩ መዝገቦችን መርምሮ ያወጣው ማርክ ክላርክ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ነው። የኩባንያው አለቆች ሥጋት እንዲህ የሚል ነበር፦ ሰው ንግግሩ ሊቀረጽ እንደሚችል ካወቀ ስልክ መጠቀም ይተዋል፤ ነጋዴው በስልክ ቃል መስጠት ይፈራል፣ ምስጢር ያለውም ሰው አፉን ይዘጋል።

ከንግሥቲቱ ፍርሃት ምኑ ይለያል? አንድ ነገር ይለያል። እሳቸው ያስጠፉት የገዛ ድምፃቸውን ነው። ኩባንያው ግን የማንም ሰው ድምፅ እንዳይቀመጥ ሲወስን ማንንም አልጠየቀም፤ መስመሩ የእኔ ነው ባይ ነዋ! ሞኖፖል ማለት ይህ ነው። ደንበኛው ኩባንያው ያልሰጠውን ዕቃ ከስልኩ ጋር እንዳያያይዝ በደንብ ተከልክሎ ነበር። ይህ አጥር የተነቀነቀው ቶማስ ካርተር የሚባል የቴክሳስ ሰው የመገናኛ ሬዲዮን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ዕቃ ሠርቶ ሲከራከርና በ1968 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ሲፈርድለት ነው። ኩባንያው ግን በቀላሉ አልተረታም፤ በመካከል የእኔ መከላከያ ይግባ፣ ኪራይም ይከፈልበት እያለ ጥቂት ዓመታት አጓተተ።

በ1971 ፎንሜት የተባለው የቤት መሣሪያ ወጣ፦ 10 ፓውንድ ክብደት፣ በሪል የሚዞር ቴፕ፣ 20 መልእክት። ቀጥሎ ካሴቱ መጣ፤ በብዙዎቹ ላይ አንዱ ካሴት ለባለቤቱ ሰላምታ፣ ሌላው ለደዋዩ ቃል።

ከሁሉ የምትማርከኝ ግን አንዲት ብልሃት ናት። ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ ወደ ገዛ ቤቱ ይደውላል። አዲስ መልእክት ካለ መሣሪያው በሁለተኛው ጥሪ ገደማ ያነሣል፤ ከሌለ እስከ አራተኛው ይቆያል። ስለዚህ ሦስተኛውን ጥሪ የሰማ ሰው ምንም እንደሌለ ያውቅና ሳይከፍል ይዘጋዋል። ሚስኮል የምናውቅ እኛ ይህ አይገባንም? በነገራችን ላይ፣ በኛ በብዙ ቤት መልእክት ተቀባዩ ማሽን ሳይሆን ልጅ ነበር፤ ከደዋዩ ስም ግማሹን ረስቶ ለአባቱ የሚነግር ልጅ።

ገመድ አልባው ስልክ ሲመጣ ቴፑ ቀርቶ ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ በትንሽ ቺፕ ላይ መቀመጥ ጀመረ። መልእክቱ ያለው በእጅ ከምንይዘው መነጋገሪያ ላይ ሳይሆን ሶኬት ላይ ከተሰካው መቀመጫው ውስጥ ነው። ከቀደሙት ዲጂታሎች አንዳንዶቹ መብራት ሲጠፋ ድምፁ አብሮ እንዳይጠፋ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይጨመርላቸው ነበር። ባትሪውን ያልቀየረ ሰው የደረሰበትን አንባቢ ይገምተው። ማጥፋት ደግሞ አንድ ቁልፍ መጫን ሆነ። በካሴቱ ዘመን እኮ ካሴቱን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ማኖር ይቻል ነበር፤ የሟች እናቱን ሰላምታ እንዲህ አድርጎ ማቆየት ለፈለገ ሰው ከአንድ ካሴት ዋጋ በላይ አይጠይቀውም። ከቺፑ ላይ ግን የሚወጣ ነገር የለም፤ ቦታው ሲሞላ ወይ የቆየውን ታጠፋለህ፣ ወይ አዲሱ አይቀበልም።

ከዚያ የስልክ ኩባንያዎች መልእክቱን ራሳቸው ማእከል ውስጥ መቀበል ጀመሩ፤ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም አሉ። ድምፁ ከባለቤቱ ቤት ወጥቶ ሂክማንን ከከለከሉት ዓይነት ሰዎች ዘንድ ገባ። ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው፤ ቀኑ ሲያልፍ ሳይጠይቁ ያጠፉታል።