የጓሮ ዎርክሾፕ፦ ከመኖሪያ ግቢ የሚመራ አነስተኛ ንግድ

የጓሮ ዎርክሾፕ ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ በቆመ ክፍል የሚካሄድ አነስተኛ ንግድ ወይም የእጅ ሥራ ነው። ክፍሉ የእንጨት ሼድ፣ የመኪና ጋራዥ፣ የድሮ በረት ወይም ለሥራው ተብሎ የተገነባ ሰርቪስ ቤት ሊሆን ይችላል። የሚሠራበትም ብዙ ነው፦ ልብስ ስፌት፣ አናጺነት፣ ሸክላ፣ ፀጉር ሥራ፣ የሒሳብ ሥራ፣ የምግብ ዝግጅት፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ ዕቃ ማሸግ።

ትልቁ ጥቅሙ ኪራይ ሳይከፍሉ ሥራ መጀመር ማስቻሉ ነው። በአንጻሩ የሥራው ጣጣ ሁሉ፣ ድምፁም ጭሱም የደንበኛው መኪናም፣ በቤተሰብና በጎረቤት ላይ ያርፋል። ይህ መጣጥፍ በዋናነት የሚመለከተው እንግሊዝን ነው። በዚያ አገር ልማዱ ረጅም ታሪክና ዝርዝር ደንብ አለው፤ ደንቡም የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ ግቢው ዛሬም በዋናነት መኖሪያ ነው ወይስ ንግድ ቤት ሆኗል?

ታሪክ

ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በእንግሊዝ አብዛኛው የእጅ ሥራ የሚሠራው በቤትና በግቢ ነበር። ነጋዴው ጥሬ ዕቃ ያድላል፤ ሠራተኛው በቤቱ ሠርቶ ያስረክባል፤ ክፍያውም በሠራው ልክ ነው። በላንክሻየርና በዮርክሻየር ኮረብታማ መንደሮች የጥንት የሸማኔ ቤቶች ዛሬም በላይኛው ፎቅ ላይ በተደረደሩት መስኮቶቻቸው ይለያሉ። መስኮቶቹ የበዙት ሸማኔው የቀን ብርሃን እንዲያገኝ ነው።

በሌስተርሻየርና በኖቲንግሃምሻየር ደግሞ የካልሲ ሥራ ተስፋፍቶ ነበር። መነሻው ዊልያም ሊ በ1589 የፈለሰፈው የሹራብ ማሽን ነው። በሌስተርሻየር ዊግስተን በሙዚየምነት የተጠበቀው የአንድ የካልሲ አምራች ቤት፣ በአትክልት ቦታው ውስጥ ባለ ፎቅ ዎርክሾፕ አለው። በኖቲንግሃምሻየር ራዲንግተን የሚገኙትና በ1829 የተሠሩት ዎርክሾፖችም በሠራተኞቹ ቤቶች መካከል፣ በጋራ ግቢ ዙሪያ የቆሙ ናቸው።

የጓሮ ሥራን ብርታትና ግፍ አንድ ላይ የሚያሳየው ግን ከበርሚንግሃም በስተምዕራብ የምትገኘው የክራድሊ ሂዝ የሰንሰለት ሥራ ነው። ከባዱን የመርከብ ሰንሰለት ወንዶች በፋብሪካ ሲሠሩ፣ ቀላሉን ሰንሰለት ሴቶች በየጓሯቸው በነበረች ትንሽ የብረት መቀጥቀጫ ቤት ይሠሩ ነበር። ሴትየዋ በወናፍ እሳቱን ታነድዳለች፤ የብረቱን ዘንግ እስኪግም ከፍም ውስጥ ትከታለች፤ አውጥታ ታጥፈዋለች፣ ትቆርጠዋለች፤ ቀደም ሲል ከተሠራው ቀለበት ውስጥ ታሳልፈውና እንደገና አግማ ጫፎቹ እስኪጣበቁ በመዶሻ ትቀጠቅጣለች። ሕፃናት ልጆቿ እዚያው ከእሳቱ አጠገብ ይውላሉ። ከዚያ ሌላ ቀለበት፣ ከዚያም ሌላ።

በ1909 የወጣው ሕግ በዝቅተኛ ክፍያቸው ለታወቁ ጥቂት ሙያዎች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን አዘዘ፤ ሰንሰለት ሥራም አንዱ ነበር። ለሴቶቹ የተወሰነው በሰዓት ሁለት ፔኒ ተኩል ነበር፤ በሳምንት 54 ሰዓት ለሠራች 11 ሽልንግ ከ3 ፔንስ ይሆናል። ይህ ለብዙዎቹ ከቀድሞ ገቢያቸው እጥፍ ገደማ ነበር። አሠሪዎቹ ግን ጭማሪውን ለወራት የሚያዘገይ ውል አቀረቡ፤ ማንበብ የማይችሉ ሴቶችም ምን እንደተጻፈበት ሳያውቁ ፈረሙ። በነሐሴ 1910 በሠራተኛ ማኅበር መሪዋ በሜሪ ማካርተር አስተባባሪነት የተነሣው የሥራ ማቆም አድማ እስከ ጥቅምት ዘልቆ በሴቶቹ ድል ተጠናቀቀ። ለአድማው ከተዋጣው ገንዘብ የተረፈው በ1912 ለተከፈተው የሠራተኞች መሰብሰቢያ አዳራሽ ማሠሪያ ዋለ። አዳራሹ ዛሬ በብላክ ካንትሪ ሕያው ሙዚየም ውስጥ ቆሟል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ለዛሬም ይሠራል። በገዛ ጓሮ መሥራት ብቻውን ነፃነት አይሰጥም፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ገበያውን የያዘው ነው። በየግቢው ተበታትኖ የሚሠራ ሰው የሌላው ዋጋ ስንት እንደሆነ አያውቅም፤ ለአንድ ገዢ ብቻ የሚያቀርብ ከሆነም ያ ገዢ አሠሪው ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ደንበኛ መያዝና ከሙያ አጋሮች ጋር መደራጀት ከመሣሪያ እኩል ያስፈልጋል።

ከጓሮ የተነሡ ድርጅቶች

በኋላ ዘመን የጓሮ ክፍል የፈጠራ መነሻ በመሆን ስሙ ገነነ። በአሜሪካ ሚልዋኪ ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌት በ1903 ሥራ የጀመረው በዴቪድሰን ቤተሰብ ጓሮ፣ 3 ሜትር በ4.6 ሜትር ገደማ በሆነች የእንጨት ቤት ነው። በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ቢል ሂውሌትና ዴቭ ፓካርድ በ538 ዶላር መነሻ ካፒታል በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሠርተው በ1939 ሂውሌት ፓካርድን መሠረቱ። በእንግሊዝ ጄምስ ዳይሰን ከረጢት አልባውን የአቧራ መጥረጊያ ያጠናቀቀው 5,127 ሞዴሎችን ሠርቶ ከሞከረ በኋላ ነው፤ ሙከራውም በቤቱ አጠገብ በነበረ የድሮ የጋሪ ቤት ውስጥ የተካሄደ ነበር። ደራሲዎቹ ጆርጅ በርናርድ ሾውና ሮዋልድ ዳልም በየአትክልት ቦታቸው ባሠሯት ጎጆ ውስጥ ይጽፉ ነበር፤ የሾው ጎጆ የፀሐይን ብርሃን ተከትላ እንድትዞር ሆና የተሠራች ናት።

የግንባታ ደንብ

በእንግሊዝ አንድ ባለ ቤት የፕላን ፈቃድ ሳይጠይቅ በጓሮው ክፍል መሥራት ይችላል፤ ይህ ግን ወሰን አለው። ክፍሉ ፎቅ የሌለው ሆኖ ከቤቱ ፊት ለፊት መውጣት የለበትም። ከፍታው ባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያ ከሆነ ከ4 ሜትር፣ ሌላ ዓይነት ጣሪያ ከሆነ ከ3 ሜትር አይበልጥም። ከአጥር በ2 ሜትር ርቀት ውስጥ ከቆመ ደግሞ ከ2.5 ሜትር ማለፍ አይችልም። በግቢው ያሉ ተጨማሪ ግንባታዎች በአጠቃላይ በመጀመሪያው ቤት ዙሪያ ካለው መሬት ከግማሽ በላይ መያዝ የለባቸውም። ይህ መብት ለአፓርታማ ነዋሪ አይሠራም፤ በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ግቢም ፈቃድ ግድ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

የወለሉ ስፋት ከ15 ካሬ ሜትር በታች ሆኖ መኝታ የሌለው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከሕንፃ ደንብ ቁጥጥር ነፃ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራው ግን ነፃ አይደለም። ከዋናው ቤት ወደ ጓሮ አዲስ መስመር መዘርጋት በተመዘገበ ባለሙያ መሠራት ወይም ለአካባቢው አስተዳደር መገለጽ አለበት። በእንግሊዝ የተለመደው ባለ 13 አምፔር ሶኬት የሚችለው እስከ 3 ኪሎዋት ገደማ ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ ከኩሽና በማራዘሚያ ገመድ በተሳበ ኃይል እንጀራ መጋገር ገመዱን አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ለምጣድ፣ ለሸክላ መተኮሻ ምድጃ ወይም ለብየዳ ማሽን የራሱ መስመርና የራሱ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል።

ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። ሙቀት መከላከያ ያልተደረገለት የእንጨት ሼድ በክረምት ላብ ያወጣል፤ መሣሪያ ይዝጋል፤ ጨርቅና ካርቶን ይሻግታል። ወለሉን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ግድግዳና ጣሪያውን በመከላከያ መሙላት፣ አየር ማስወጫ መተው ከማሽን ግዢ መቅደም ያለባቸው ወጪዎች ናቸው። የድሮ ጋራዥ ለማደስ የሚነሣ ሰው ደግሞ ጣሪያውን ከመንካቱ በፊት ያስመርምር። በብሪታንያ አዝቤስቶስ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ የቆርቆሮ መሰል ጣሪያዎች ለሳንባ አደገኛ የሆነውን ይህን ቁስ ሊይዙ ይችላሉ።

መኖሪያ ወይስ ንግድ ቤት?

ክፍሉን በደንቡ ልክ መሥራት ብቻውን በውስጡ መነገድን አያስፈቅድም። የፕላን ባለሥልጣን የሚያየው የግቢው ጠባይ ተለውጦ እንደሆነ ነው። የሚመዘኑት ነጥቦች አራት ናቸው፦ ቤቱ በዋናነት የግል መኖሪያ መሆኑ ቀርቷል ወይ? የሚመጣው ሰውና መኪና በግልጽ ጨምሯል ወይ? ሥራው ለመኖሪያ ሰፈር እንግዳ ነው ወይ? ጎረቤትን ያለ ሰዓቱ ይረብሻል፣ ወይም በድምፅና በሽታ ያስቸግራል ወይ? ለአንዱም ቢሆን መልሱ አዎ ከሆነ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ብቻውን በኮምፒውተር የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ብዙም አይነካም፤ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሮ ቀኑን ሙሉ እንጨት የሚሰነጥቅ አናጺ ግን በቀላሉ ለክስ ይጋለጣል።

በተግባር አቤቱታው የሚጀምረው ከአጥር ማዶ ነው። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ለጎረቤት መንገር፣ ማሽን የሚሠራበትን ሰዓት መወሰን፣ ደንበኛን በቀጠሮ ማስተናገድና ማራገፊያ መኪና ሌላ ሰው በር ላይ እንዳይቆም ማድረግ ከማናቸውም የሕግ ክርክር በላይ ይጠቅማሉ። ተከራይ የሆነ ሰው ከአከራዩ፣ ቤቱን በባንክ ብድር የገዛ ደግሞ ከባንኩ ጋር የገባውን ውል አስቀድሞ ማየት አለበት።

ታክስና ኢንሹራንስ

በብሪታንያ በግሉ የሚነግድ ሰው በአንድ የታክስ ዓመት ከንግዱ የሚያስገባው እስከ 1,000 ፓውንድ ድረስ ከገቢ ታክስ ነፃ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ መመዝገብ ይኖርበታል። ደንበኛ ወደ ግቢው የሚመጣ ከሆነ፣ ሠራተኛ ከተቀጠረ ወይም ክፍሉ ለንግድ ተብሎ ከተለወጠ ያ ክፍል ለብቻው የንግድ ቤት ታክስ ሊጣልበት ይችላል። ለአነስተኛ ንግድ የሚሰጠው ቅናሽ ግን በእንግሊዝ ብዙዎቹን ከክፍያ ያድናቸዋል። አንድ ክፍል ለንግድ ብቻ ሲውል ቤቱ በሚሸጥበት ጊዜ ከትርፉ ከፊሉ ታክስ ሊነካው ስለሚችል፣ የሒሳብ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ተራ የቤት ኢንሹራንስ የንግድ ዕቃንና በደንበኛ ላይ የሚደርስ ጉዳትን በአብዛኛው አይሸፍንም። ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ደግሞ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሸፍን የአሠሪነት ኢንሹራንስ እንዲገባ በሕግ ይገደዳል።

የምግብ ሥራ

በእንግሊዝ ምግብ አዘጋጅቶ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ሥራ ከመጀመሩ ቢያንስ 28 ቀን በፊት በአካባቢው አስተዳደር መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ክፍያ የለውም። የጓሮው ክፍል ንጹሕ ውኃ፣ ዕቃ ከሚታጠብበት የተለየ የእጅ መታጠቢያ፣ በቀላሉ የሚጸዳ ግድግዳና ወለል ሊኖረው ይገባል። በውጭ አገር የሚጋገር እንጀራ ብዙ ጊዜ ጤፍ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ተደባልቆ ነው። ታሽጎ ለሱቅ ሲቀርብ ድብልቁ በማሸጊያው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ጤፍ ነው ብሎ የሚገዛ፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማው ሰው ጤናው የተመሠረተው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነውና።

ደንቡ ከአገር አገር ይለያል። በካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ እንደ ደረቅ ቅመማ ቅመም ያሉ በቀላሉ የማይበላሹ ምግቦችን በቤት አዘጋጅቶ መሸጥን ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ለቤቱ ኩሽናና ከእሱ ጋር ለተያያዙ ማከማቻ ክፍሎች ስለሆነ፣ በርበሬና ሽሮ በጓሮ ክፍል ማዘጋጀት በዚህ አይሸፈንም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከተሞችም በግቢ ውስጥ መሥራት የቆየ ኑሮ ነው። በአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ብዙዎቹ ከጋሞ አካባቢ የመጡ፣ መሬት ተቆፍሮ በሚቆም የሽመና ዕቃ በየቤታቸው ነጠላና ጋቢ ይሠራሉ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጀበናና ድስቱን በግቢያቸው ይሠራሉ። ባልትና የምታዘጋጅ፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታቀርብ፣ በሰርቪስ ክፍል ልብስ የምትሰፋ ሴትም ለቤተሰቧ መተዳደሪያ የምታገኘው ከዚሁ ነው። የክራድሊ ሂዝ ሴቶች የገጠማቸው የዋጋ ጥያቄ ለእነዚህም እንግዳ አይደለም፤ ሥራው በጥቂት ተረካቢዎች እጅ ሲያልፍ ትርፉ ከሠሪዋ ይልቅ በተረካቢው ዘንድ ይቀራል።

ማደግና መውጣት

ሃርሊ ዴቪድሰን በ1906 ወደ ፋብሪካ ተዛወረ፤ ሂውሌት ፓካርድም ጋራዡን በ1940 ለቆ ወደ ተከራየው ቤት ገባ። የመውጫው ጊዜ መድረሱ የሚታወቅባቸው ምልክቶች ግልጽ ናቸው፦ ዕቃ ከክፍሉ አልፎ ወደ ሳሎን ሲገባ፣ ሁለተኛ ሠራተኛ ሲያስፈልግ፣ ጎረቤት ሲያማርር፣ ወይም ትዕዛዝ በቦታ ጥበት ምክንያት ሲመለስ። አንዳንዶች ምርቱን ወደ ኪራይ ቤት ወስደው ጽሕፈት ቤቱን በጓሮ ያቆያሉ። ሌሎች ደግሞ ብዙ ከመሸጥ ጥቂት ሠርቶ በጥሩ ዋጋ መሸጥን መርጠው እዚያው ይቀራሉ። ይህም በራሱ ስኬት ነው፤ ሥራው ባለቤቱን የሚያኖር፣ ለሠሪው ተገቢውን ዋጋ የሚከፍልና ጎረቤትን የማያስመርር ከሆነ ጓሮ ለመነሻ ብቻ ሳይሆን ለዘለቄታም በቂ ቦታ ነው።