ከአደጋው በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ አንዲት ቀይ አውሮፕላን በደቡብ ሜክሲኮ፣ በቺያፓስ ጫካ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችን ታመላልስ ነበር። ዋኮ የምትባለው ይህች ትንሽ አውሮፕላን ዛሬ ኤም.ኤ.ኤፍ. ብለን የምናውቀው የሚሲዮን በረራ አገልግሎት የመጀመሪያ አውሮፕላኑ ናት። አብራሪዋ በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ያበረረችው ቤቲ ግሪን ነበረች።

በዚያው ዓመት ሥራውን ሊረከባት የመጣው አብራሪ፣ ኤል ሪያል በተባለ የጫካ ማረፊያ ሲያርፍ ከሜዳው አጠገብ ከነበረች ትንሽ ቤት ጋር ተጋጨ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ የአውሮፕላኗ ክንፍ ግን ተሰባበረ። ሌላ አውሮፕላን ስላልነበረ ገና የተጀመረው አገልግሎት ቆመ። ታዲያ ወደ ሜክሲኮ የተጠራው ወቃሽ ሳይሆን ጠጋኝ ነበር። ኔት ሴንት የተባለ ወጣት መካኒክ ሄዶ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራውን ክንፍ መልሶ አበጀ። አውሮፕላኗም ዳግም በረረች።

ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ አውሮፕላን አደጋ ምርመራ አባሪ 13 የተባለውን ደንብ አጸደቀ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ይህ ደንብ የምርመራው ዓላማ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ ይናገራል። መርማሪዎች አየሩን፣ ሜዳውን፣ ሞተሩን፣ የአብራሪውን ልምድና ውሳኔ አንድ በአንድ ያያሉ። ምንም አይሸፈንም፤ የሚመረመረው ግን ለቀጣዩ ተሳፋሪ ሕይወት ሲባል ነው።

ወገኖች ሆይ፣ እኛስ? በኤደን አዳም ወደ ሔዋን፣ ሔዋንም ወደ እባቡ ጣታቸውን ቀሰሩ (ዘፍጥረት 3)። እኛም በቤተ ክርስቲያን አንድ አገልጋይ ሲወድቅ ወይ ነገሩን እንሸፍናለን፣ ወይ ሰውየውን አውጥተን እንጥላለን። ሁለቱም መንገድ ስብራቱን አይጠግንም። የሸፈንነው ይደገማል፤ የጣልነውም ወንድማችን ነው።

ጌታችን ጴጥሮስን በባሕሩ ዳር ሲያገኘው ክህደቱን እንዳልነበረ አላለፈውም። ሦስት ጊዜ ለካደው ሰው ሦስት ጊዜ የፍቅር ጥያቄ አቀረበለት፤ ጴጥሮስም አዘነ። ነገር ግን በዚያው ቦታ በጎቹን አደራ ሰጠው (ዮሐንስ 21)። እውነትና ምሕረት በአንድ ላይ የተገኙበት ምርመራ ይህ ነው።

እንግዲህ ወንድማችን ሲሰበር «ማን አጠፋ?» ብለን አንቁም። «ምን ተሰበረ? እንዴትስ ይጠገናል?» ብለን በጸሎት እንቅረበው። ጌታ ይርዳን።