ቼክ ኢንጅን መብራት

ቼክ ኢንጅን መብራት፦ የመኪናው ኮምፒዩተር በሞተሩ ወይም በጭስ መቆጣጠሪያው ላይ ብልሽት ሲያገኝ በዳሽቦርድ ላይ የሚያበራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ የሆነ ምልክት። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ለቤት መኪኖች ግዴታ የሆነው ኦቢዲ 2 የተባለው የመኪና ራስ ምርመራ ሥርዓት ብልሽቱን በኮድ ይመዘግባል፤ ኮዱ የሚነበበው ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ በሚሰካ ስካነር ነው።

ኮዱ የብልሽቱን አቅጣጫ እንጂ የሚቀየረውን ዕቃ አይናገርም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ፒ0171 ከአየሩ አንጻር ነዳጁ ማነሱን ይገልጻል፤ መንስኤው ግን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። የጭስ ማጣሪያው (የካታላይዘሩ) ሥራ መድከሙን የሚጠቁመው ፒ0420 ሲመጣም ውዱን ካታላይዘር ከመቀየር በፊት ጭስ ማውጫው የሚተነፍስ መሆኑንና የኦክስጅን ሴንሰሩን ማየት ይገባል። ፒ0301 የመጀመሪያው ሲሊንደር በአግባቡ እንደማያቃጥል ያሳያል። መካኒኩ የዚህን ሲሊንደር ማቀጣጠያ ኮይል ከሦስተኛው ሲሊንደር ኮይል ጋር አቀያይሮ ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ ካልዞረ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩና የሲሊንደሩ እመቃ በተራ ይታያሉ። ለዚህ ሙከራ የሚገዛ ዕቃ የለም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አንዳንዴ ነገሩ ሁሉ ያልጠበቀ የነዳጅ ክዳን ነው። የባትሪ ገመድ ነቅሎ መብራቱን ማጥፋት ግን ጥገና አይደለም፤ ኮዱንና አብሮት የተመዘገበውን የሙቀትና የፍጥነት መረጃ ሊያጠፋ ይችላል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ያልተቃጠለ ነዳጅ ካታላይዘሩን ሊያበላሽ ስለሚችል ፍጥነት መቀነስና መኪናውን ሳይዘገዩ ማስመርመር ያስፈልጋል።