ማጣበቅ፣ መግጠም፣ መለሰን፦ የጥርስ ሙሌት ስያሜዎች ከታሪካቸው አንጻር

ሬዚን ስለሚባለው የጥርስ መሙያ የሚናገሩ የውጭ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው «ቦንዲንግ» ለተባለው «ማጣበቅ»፣ «ሲሊንግ» ለተባለው ደግሞ «ማሸግ» የሚሉት ቃላት ቀድመው ይመጡለታል። ሁለቱም ጥሩ አማርኛ ናቸው። ይሁን እንጂ የሙያ ስያሜ የሚመዘነው በቃሉ ማማር ሳይሆን ነገሩን በትክክል በማስታወቁ ስለሆነ፣ ነገሩ እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሥራውን ታሪክ ተከትለን ለየደረጃው የሚስማማውን ቃል ለመለየት እንሞክራለን።

ሕዝቡ ከጥንት የያዘው ቃል «ጥርስ ማስሞላት» ነው። ቃሉ ለቀድሞው ሥራ በሚገባ ይስማማል። የሜርኩሪ፣ የብርና የሌሎች ብረቶች ቅይጥ የሆነው አማልጋም በራሱ ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። ሐኪሙ ጉድጓዱን አፉን ጠበብ፣ ወለሉን ሰፋ አድርጎ ስለሚቆፍረው፣ ተጠቅጥቆ የገባው ቅይጥ ከደረቀ በኋላ መውጫ ያጣል። ለዚህም ሲባል ያልታመመው የጥርስ ክፍል ሳይቀር ይቆፈር ነበር። ተጣባቂ መሙያ እንዲፈለግ ካደረጉት ምክንያቶች አንደኛው ጤነኛውን ጥርስ ከዚህ ጉዳት ማዳን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1949 ስዊዛዊው ኬሚስት ኦስካር ሃገር፣ ዴንቲን ከተባለው የጥርስ ውስጠኛ ክፍል ጋር በኬሚካል ኃይል እንዲጣመር ያሰበውን አሲዳማ ሬዚን አቀረበ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ዴንቲን እርጥበት ያለው አካል በመሆኑ ጥምረቱ ሊጸና አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ማይክል ቡኦኖኮር ሌላ መንገድ አሳየ። በኢንዱስትሪ ቀለም በብረት ላይ እንዲይዝ ብረቱ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ ተመልክቶ፣ ከመቶ 85 እጅ ፎስፎሪክ አሲድ በኢናሜል ላይ ለ30 ሴኮንድ አኖረ። አሲዱ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ፈሳሹ ሬዚን ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ይደርቃል፤ እንደ ሥርም ተሰክቶ ይቀራል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ መያያዝ በዋናው የኬሚካል ሳይሆን የመጠላለፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ማጣበቅ» የጠቅላላው ሥራ ስም ሆኖ ሲጸና፣ በኢናሜል ላይ የሚታየው አሠራር «መጠላለፍ» ቢባል ተማሪውን ከስሕተት ያድነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1962 ራፋኤል ቦወን የሬዚንና የሲሊካ ብናኝ የተዋሐደበትን መሙያ በፓተንት አስመዘገበ። ብናኙ ሬዚኑን አጥብቆ እንዲይዝ ሲሌን በተባለ ንጥረ ነገር አስቀድሞ ይለበጣል። ይህን «ውሁድ» ማለት አይቻልም፤ ውሁድ በኬሚስትሪ የክፍሎቹ ጠባይ የጠፋበት ነው። «ድብልቅ» ማለትም ያንሳል፤ ክፍሎቹ በሲሌን ተያይዘዋልና። «ጥምር» የሚለው ቃል ሁለቱንም ያሟላል። «ሬዚን» በ«ሙጫ» ይተካ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ከግራር የሚወርደው ሙጫ በውኃ ይሟሟል፤ የጥርሱ ሬዚን ግን ምራቅ ሳይበግረው እንዲኖር የተሠራ ነው። ስለዚህ «ጥምር ሬዚን» እንዲባል እንመርጣለን።

ዴንቲን ረጅም ጊዜ አስቸግሯል። አሲድ በዴንቲን ላይ ቢፈስ የጥርሱን ሕያው እምብርት ይጎዳል የሚል ፍርሃት በምዕራቡ ዓለም ጸንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓናዊው ፉሳያማ ኢናሜሉንም ዴንቲኑንም በአንድነት በአሲድ ማጠብ እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1982 ናካባያሺና ባልደረቦቹ ሬዚኑ በዴንቲኑ የኮላጅን ክሮች መካከል ሰርጎ፣ ጥርስም ሬዚንም ያልሆነ ቀጭን ንብርብር እንደሚሠራ ገለጹ። ይህን «ዲቃላ» ማለት ቃሉ በኅብረተሰቡ ዘንድ የያዘውን የስድብ ትርጉም ይጎትታል፤ የእርሻ ሊቃውንት የለመዱት «ድቅል» ግን ንጹሕ ነው። «ድቅል ንብርብር» እንበለው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ማሸግ» ነው። የውጭው ቃል ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠራል። አንደኛው፣ ኩዌቶና ቡኦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1967 እንደገለጹት፣ ያልተቦረቦረ መንጋጋ በስንጥቆቹ ምግብና ባክቴሪያ እንዳይሸሸግ በቀጭን ሬዚን መሸፈኑ ነው። ለዚህ ግድግዳ ሳይፈርስ ስንጥቁን የምንሸፍንበት «መለሰን» እጅግ ይስማማል፤ ነገሩም «የስንጥቅ ልስን» ይሆናል። ሁለተኛው የሙሌቱ ጠርዝ ከጥርሱ ጋር ያለ ክፍተት መገናኘቱ ነው። ሬዚኑ ሲደርቅ በይዘቱ ከመቶ 2 እስከ 3 ያህል ስለሚኮማተር ጠርዙን ከጥርሱ ሊያላቅቅ ይታገላል፤ በድቅሉ ንብርብርም ውኃና የዴንቲኑ የራሱ ኢንዛይሞች በዓመታት ውስጥ ኮላጅኑንና ሬዚኑን ያዳክማሉ።

እንግዲህ «ታሸገ» የተባለለት ሕመምተኛ ምን ይረዳል? በአማርኛ የታሸገ ነገር እሽጉ በሰው እጅ እስኪፈታ ድረስ ምንም አያስገባም። «ጥርስህ ታሽጓል» የተባለ ሰው ለምርመራ የሚመለስበት ምክንያት አይታየውም፤ ጠርዙ ግን ቀስ ብሎ ሊከፈት፣ ከሥሩም አዲስ መቦርቦር ሊጀምር ይችላል። ለዚህ «መግጠም» እንዲባል እናሳስባለን። የገጠመ በር ሊላላ እንደሚችል፣ የላላውም እንደገና እንደሚስተካከል አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል። «ጠርዙ ገጥሟል፤ ግን እየመጣህ ይታይልህ» ቢባል ቃሉ ራሱ ከሐኪሙ ምክር ጋር ይተባበራል።

በማጠቃለያም «ማጣበቅ» ለጠቅላላው ሥራ፣ «መጠላለፍ» ለኢናሜሉ፣ «ድቅል ንብርብር» ለዴንቲኑ፣ «ጥምር ሬዚን» ለመሙያው፣ «መግጠም» ለጠርዙ፣ «የስንጥቅ ልስን» ለመከላከያው እንዲሆኑ ለሙያው ባለቤቶች እናቀርባለን። የመጨረሻው ፍርድ በቃላቱ የሚሠሩባቸው የሐኪሞቹና የመምህራኑ ነው።