በእንቁላሉ ውስጥ የተገኘው የሙት ልጅ

«የታሪክ ተማሪ ከዶሮ ቫይረስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን እኛስ አንድ የብራና ቅጂ እጃችን ሲገባ በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ይህ የደራሲው ቃል ነው ወይስ ገልባጩ ከራሱ የጨመረው?» ብለን አይደል እንዴ? በዶሮ እንቁላልና በዶሮ ሕዋስ ላይ ይመራመሩ የነበሩ ሊቃውንትም ለብዙ ዓመታት የተፋጠጡት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እንደሚታወቀው ቫይረስ ከሕያው ሕዋስ ውጭ አይራባም። በ1931 ኧርነስት ጉድፓስቸርና አሊስ ውድረፍ በአሜሪካ፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ፣ የዶሮ ፈንጣጣን ቫይረስ ሽል በያዘ እንቁላል ውስጥ ማሳደግ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ እንቁላል የቫይረስ ተመራማሪ ሁነኛ ዕቃ ሆነ። ርካሽ ነው፤ የትም ይገኛል፤ በቅርፊት ስለታሸገም ንጹሕ ነው ተብሎ ታመነ። ጣጣው የመጣው ከዚህ እምነት ነው።

በ1929 በሰሜን ሮዴሽያ (በዛሬዋ ዛምቢያ) የታየው የከብት ቆዳ እባጭ በሽታ በ1944 ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ወደ ስምንት ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት አጠቃ። በ1983 ደግሞ በጣና አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቷልና ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ታዲያ በ1949 ቫን ደን ኤንዴና ሁለት ባልደረቦቹ ከታመመ ከብት የወሰዱትን ናሙና እንቁላል ውስጥ ወግተው፣ ከእንቁላል ወደ እንቁላል ሲያሸጋግሩ አንድ አዲስ ቫይረስ አገኙ። የበሽታው መንስኤ «ሊሆን ይችላል» ብለው ጻፉ። ይህችን «ሊሆን ይችላል» አመሰግናታለሁ፤ ምክንያቱም ቫይረሱ ከከብቱ የመጣ አልነበረም። በኋላ ሲመረመር የወፎች አዴኖቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ከብቱን ጠየቁ፤ የመለሰችላቸው ግን ዶሮዋ ነበረች! እውነተኛውን የእባጭ ቫይረስ በ1957 ያስታወቁት አሌክሳንደር፣ ፕላውራይትና ሄግ ናቸው። (ይኸው ፕላውራይት በኋላ በኬንያ፣ በሙጉጋ፣ በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ላይ የከብት ደስታ በሽታን ክትባት የሠራው ሰው ነው። ከብቱ አልቆ ክፉ ቀን የመጣበትን ዘመን ያነበበ ሰው ስሙን ባይረሳው ጥሩ ነው።)

በዚያው በ1957 ዬትስና ፍራይ የተባሉ አሜሪካውያን እንቁላሉን ራሱን ተጠራጠሩት። ሽሉን የሚገድል ቫይረስ እዚያው እንቁላሉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የሚያመጣው በሽታ አይታወቅም። ስለዚህ «የዶሮ ሽል ገዳይ፣ የሙት ልጅ» አሉት፤ በምህጻሩ ሴሎ ይባላል። በቫይረስ ሊቃውንት ቋንቋ የሙት ልጅ ማለት በሽታው ያልተገኘለት ቫይረስ ነው። ዳሩ ግን ዘመዶቹ ሩቅ አልነበሩም። ኦልሰን በ1950 በዌስት ቨርጂኒያ ድርጭቶችን በሳል ስለፈጀ ቫይረስ ጽፎ ነበር፤ በ1959 ሲመሳከሩ የሁለቱ ዝምድና ታወቀ። ለካ ለዶሮዋ ዝምተኛ እንግዳ የሆነው ለድርጭቷ ገዳይ ኖሯል።

የሰውም አዴኖቫይረስ ቢሆን አመጣጡ ይህንኑ ይመስላል። በ1953 ዋላስ ሮውና ባልደረቦቹ ከአፍንጫ ጀርባ ካለው ዕጢ፣ ከአዴኖይድ፣ የወሰዱትን ሥጋ ሲያሳድጉ ምንም ሳይጨመርበት ሕዋሱ በራሱ ጊዜ መበላሸት ጀመረ። ቫይረሱ አብሮ መጥቶ ነበር። የቤተሰቡ ስም የወጣው ከዚያ ነው።

በእንቁላል ፈንታ የሕዋስ ጠርሙስ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠ። ሽሉ ወይም የጫጩቷ ኩላሊት ተከትፎ፣ ትሪፕሲን በሚባል ኤንዛይም ሕዋሳቱ ተለያይተው፣ በጠርሙሱ ወለል ላይ እንደ ስስ እንጀራ ይነጠፋሉ። አዴኖቫይረስ ሲገባባቸው ይድቦለቦላሉ፤ ያብጣሉ፤ ከመስታወቱ ይላቀቃሉ። ታዲያ ልብ በሉ፦ ይህ ቫይረስ በኩላሊትና በጉበት ሕዋስ ደህና አድርጎ ሲራባ፣ ብዙዎች በሚጠቀሙበት የሽል ፋይብሮብላስት ግን ደካማ ነው። እንግዲህ «የለም» የሚል መልስ እንኳ እንደ ጠርሙሱ ዓይነት ይለያያል። በ1960 በርሜስተርና ጓደኞቹ ከዶሮ ዕጢ ነቀርሳ ሌላ አዴኖቫይረስ አገኙ፤ ከነቀርሳው ጋር አንዳች ግንኙነት እንደሌለው ግን ራሳቸው አስታወቁ።

በ1965 ሳርማ፣ ሂዩብነርና ሌን ሴሎን በሃምስተር ግልገሎች ላይ ሞክረው ዕጢ እንደሚያበቅል ሲያሳዩ ነገሩ አሳሳቢ መሰለ፤ የሰው ክትባት ጭምር በእንቁላል ይሠራ ነበርና። ሴሎ ሰውን እንደሚያሳምም የተረጋገጠ ነገር ግን የለም።

ዋጋ ያስከፈለው ሌላው ነው። በ1976 ቫን ኤክና ጓደኞቹ በሆላንድ ጤናማ የሚመስሉ ዶሮዎች መጣል በሚገባቸው ሰዓት እንቁላላቸው እንደቀነሰ፣ የሚጥሉትም ልል ቅርፊት ወይም ጭራሹን ቅርፊት የሌለው እንደሆነ ጻፉ። ማክፌራን በሰሜን አየርላንድ ቫይረሱን ለየው፤ የዳክዬ አዴኖቫይረስ ነው። ዳክዬን አያሳምማትም። ወደ ዶሮ እንዴት ተሻገረ? የሚታመነው በዳክዬ ሽል ሕዋስ ላይ በተሠራ የማሬክ በሽታ ክትባት አማካይነት ነው። ከእናቲቱ በእንቁላል የወረሰችው ጫጩት ደግሞ ደህና መስላ ታድጋለች፤ ቫይረሱ የሚነቃው መጣል ስትጀምር፣ ቅርፊት በሚሠራው ማሕፀኗ ውስጥ ነው። ገበሬው ለመከላከያ ብሎ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው መሆኑ ነው የሚያንገበግበው።

ዛሬ ለክትባት የሚሆን እንቁላል የሚመጣው አየር ተጣርቶ በሚገባበት ቤት ከሚያድግ የተለየ መንጋ ነው፤ ደማቸው በየጊዜው እየተቀዳ የአዴኖቫይረስ ምልክት ይፈለግበታል። ጠርሙሶቹ ሲደረደሩም ምንም ያልተጨመረበት አንድ ጠርሙስ አብሮ ይቀመጣል። የእሱ ሕዋሳት መድቦልቦል ከጀመሩ የሌሎቹ ጠርሙሶች ውጤት አይመዘገብም።