ቁልቁለት መውረድና የጎማ ምርጫ

በቂርቆስና በካዛንቺስ ብስክሌት ያለው ሰው ጎማ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብሎ ነው። ጎማ በውድ የሚገዛ ዕቃ እንደ መሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ የጎማ ታሪክ ያስረዳል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

«ካዛንቺስ» የሚለው ስም በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች እንደ መጣ የታወቀ ነው። «ጎማ»፣ «ጎሚስታ»፣ «ከመነዳሪ» የሚሉትም ቃላት ከዚያው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲወዳደሩ የነዱት ለአስፋልት የሚሆን ቀጭን ጎማ ነበር። በለሰለሰ አስፋልት ላይ እንዲህ ያለው ጎማ ጥርስ አያስፈልገውም፤ ላስቲኩ ራሱ መንገዱን ይይዛልና። ድንጋይና አፈር ባለበት ቁልቁለት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የቁልቁለት ጎማ ታሪክ የሚጀምረው ከአሮጌ ዕቃ ነው። ሽዊን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 ወርዱ 2.125 ኢንች የሆነ ወፍራም ጎማ ለገበያ አወጣ። ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ በካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የሚኖሩ ወጣቶች እንዲህ ያሉትን አሮጌ ብስክሌቶች እየሰበሰቡ ኮረኮንቹን ይወርዱባቸው ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1976ም «ሪፓክ» የተባለውን ውድድር አቋቋሙ። ስሙ የተሰጠው ቁልቁለቱ የኋላውን ፍሬን ግሪስ እያቃጠለ ስለሚጨርስ፣ ከወረዱ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ በመሆኑ ነው። ወፍራሙ ጎማ የተመረጠው ንፋሱ ሲቀነስ በድንጋዩ ላይ ስለሚተኛና ብዙ መሬት ስለሚይዝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፋብሪካዎች ሦስት ነገር አሻሻሉ። አንደኛ፣ በጎማው ዳርና ዳር ጠንካራ ጥርስ አበጁ፤ በኩርባ ላይ ብስክሌቱ ሲያጋድል መሬት የሚነክሰው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ ላስቲኩን አለሰለሱ፤ በሾር መለኪያ 60 ገደማ የነበረው ለቁልቁለት ጎማ እስከ 42 ድረስ ወረደ። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ የተራራ ጎማ ወጣ፤ ስለዚህ ንፋሱ ቢቀነስም በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ የሚቀደድ ከመነዳሪ የለም።

ይሁን እንጂ ለስላሳ ላስቲክ ፈጥኖ ያልቃል። መያዝና መቆየት ተፃራሪ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አካባቢ ወጥቶ የሚወርድ፣ ወይም በክረምት በቂርቆስ የውስጥ መንገዶች በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ፍሬን የሚይዝ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል።

መፍትሔው ሁለቱን ጎማዎች መለየት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ቢንሸራተት ነጂው ሊያቀናው ይችላል፤ የፊተኛው ከተንሸራተተ ግን ሳያስበው ይወድቃል። በአንጻሩ በፔዳሉ ኃይል ቶሎ የሚያልቀው የኋላው ነው። እንግዲህ ለፊተኛው ለስላሳና ጥርሰ ረጅም፣ ለኋለኛው ጠንከር ያለ ጎማ መምረጥ ይሻላል። «ስንት ጊዜ ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ለኋላው ጎማ ይቅር፤ ለፊተኛው ግን «ይይዛል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ።