«ማንኛውም ሰው»፦ የ1900 የሳን ፍራንሲስኮ ቸነፈርና የቻይናውያን ሙግት

ወረርሽኝ በገባበት ከተማ ሁሉ ሹማምንት በመጀመሪያ የሚጨነቁበት ነገር የማገጃው መሥመር ነው። ማን ከውስጥ ይቀራል? ማንስ ከውጭ? መሥመሩ በገመድ፣ በአጥር ወይም በዘበኛ ይሁን፣ አንድ ጊዜ ከተሰመረ በኋላ የሰዎችን ዕድል ለሁለት ይከፍላል። ጉዳዩ የሐኪም ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ሆኖም መሥመሩ በጎዳናና በፍሳሽ ቦይ ላይ የሚያልፍ በመሆኑ መሐንዲስን፣ በሰው መብት ላይ የሚያልፍ በመሆኑም ዳኛን ይመለከታል። ሦስቱ ሙያዎች በአንድ መዝገብ ላይ ከተገናኙባቸው ጉዳዮች አንዱ በ1900 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያዋ የወደብ ከተማ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ ቻይናውያን ያቀረቡት ክስ ነው።

በዘመኑ ዓለምን ያስጨነቀው ቸነፈር ከደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ከዩናን አውራጃ ተነሥቶ በ1894 ካንቶንንና ሆንግ ኮንግን መታ። በዚያው ዓመት አሌክሳንደር የርሲን የተባለው ሊቅ በሆንግ ኮንግ የበሽታውን ተሐዋሲ ለይቶ አወቀ። በሽታው በ1896 ቦምቤይ ገባ፤ በእንፋሎት መርከብ ከወደብ ወደ ወደብ እየተሸጋገረም በዲሴምበር 1899 የሃዋይ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሆኖሉሉ ደረሰ። እዚያ የጤና ሹማምንት በሽተኛ የተገኘባቸውን ቤቶች ማቃጠል ያዙ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1900 የለኮሱት እሳት ነፋስ አግኝቶ ከእጃቸው በማምለጡ የቻይናውያኑን ሠፈር አብዛኛውን ክፍል አወደመው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ያለ መጠለያ ቀሩ። ሳን ፍራንሲስኮ ይህን ወሬ የሰማችው ገና ጭሱ ሳይበርድ ነበር።

የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ሁኔታ አስቀድሞም የተመቸ አልነበረም። የባቡር ሐዲዱን ለመዘርጋትና በማዕድን ሥራ ለመሰማራት የመጡት ሠራተኞች ሥራው ሲያልቅ እንደማይፈለግ ዕቃ ተቆጠሩ። በ1882 የወጣው ሕግ ተጨማሪ ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ ከማገዱም በላይ ቀደም ሲል የገቡት የአሜሪካን ዜግነት እንዳያገኙ ከለከለ። ስለሆነም ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ የሚፈራቸው የምክር ቤት አባልም አልነበረም። ከአሥር ሺህ የማያንሱ ሰዎች ወደ አሥራ ሁለት በሚጠጉ የቤት ረድፎች ውስጥ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ቤቶቹን በብዛት የያዙት ግን ነጮች ባለንብረቶች ነበሩ። ጋዜጦቹ ስለ ሠፈሩ ቆሻሻ ሲጽፉ ኪራዩን ማን እንደሚበላና የፍሳሹን ቦይ ማን ማደስ እንደነበረበት የማያነሡበት ምክንያት አይሰወርም።

ማርች 6 ቀን 1900 በሠፈሩ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት የአንድ ጣውላ ነጋዴ ሬሳ ተገኘ። ሐኪሞቹ በብሽሽቱ ላይ ያበጠ ንፍፊት አይተው ቸነፈር ነው ብለው ጠረጠሩ። የላቦራቶሪው ውጤት ሳይታወቅ፣ በማግሥቱ መላው የቻይናውያን ሠፈር በገመድ ታጠረ፤ ነጮች እንዲወጡ ሲፈቀድ ቻይናውያን እንዲቀሩ ተደረገ። በነጮች ቤት ምግብ የሚያበስሉና ልብስ የሚያጥቡ ቻይናውያን ብዙ ስለ ነበሩ ከተማው ራሱ ችግሩን ቀመሰው፤ ነጋዴዎችም ስለ ገበያቸው ጮኹ። ገመዱ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ኤንጀል በተባለው ደሴት ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ መንግሥት ሐኪም ጆዜፍ ኪንዩን ከሬሳው የተወሰደውን ናሙና በእንስሳት ላይ ሞክሮ በሽታው በእርግጥ ቸነፈር መሆኑን ያረጋገጠው ከዚያ በኋላ ነው። ገመዱ ከዕውቀቱ ቀድሞ ተዘርግቶ፣ ዕውቀቱ ሳይደርስ ተጠቀለለ ማለት ነው።

በሜይ ወር ሁለተኛው እርምጃ መጣ። ከዋሽንግተን በተላለፈ መመሪያ መሠረት ቻይናውያንና ጃፓናውያን በዶክተር ሃፍኪን የተሠራውን የቸነፈር ክትባት ካልተከተቡ ከከተማው እንዳይወጡ ተከለከሉ። ክትባቱ ብርቱ ትኩሳትና ሕመም የሚያስከትል ስለ ነበረ የሠፈሩ ነዋሪዎች ሱቆቻቸውን ዘግተው ተቃወሙ። ሳይንስን የናቁ ኋላ ቀሮች ናቸው የሚል ስም ተለጠፈባቸው። ይሁን እንጂ የተቃውሟቸው ፍሬ ነገር ሌላ ነበር። በዚያው ከተማ የሚኖር ነጭ ያለ ምንም ክትባት በባቡር ተሳፍሮ ሲሄድ እኛ ብቻ ለምን? የሚል ነው። «ስድስቱ ኩባንያዎች» በመባል የሚታወቀው የቻይናውያን መረዳጃ ማኅበር ጠበቆች ቀጠረ፤ ዎንግ ዋይ የተባለ ነጋዴም በከተማው የጤና ቦርድና በኪንዩን ላይ ክስ መሠረተ።

ጉዳዩን የተመለከተው የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ሞሮው ሜይ 28 ቀን የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። የእስያ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ለቸነፈር የተጋለጡ ናቸው ለሚለው አባባል ምንም ማስረጃ አልቀረበም አለ። ክትባቱም የተዘጋጀው በሽታ ወዳለበት ሥፍራ ለሚገባ ሰው እንጂ ከዚያ ለሚወጣ ሰው እንዳልሆነ አመለከተ። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ከሕግ ይልቅ የቴክኒክ ነው፤ መሣሪያው ለተባለው ሥራ የተሠራ ነው ወይስ አይደለም? የሚል ጥያቄ ነውና።

ቦርዱ ግን አላረፈም። በማግሥቱ በከርኒ፣ በብሮድዌይ፣ በስቶክተንና በካሊፎርኒያ ጎዳናዎች መካከል ያለውን ሠፈር እንደገና ዘጋው። በዚህ ጊዜ ገመዱ ብቻውን አልቀረም፤ አጥርና እሾሃማ ሽቦ ታከለበት። ከውስጥ የምግብ ዋጋ ናረ፤ ሠፈሩ ውጭ ሥራ የነበራቸውም ደመወዛቸውን አጡ። ነዋሪዎቹን ጠራርጎ በወደቡ አጠገብ ወዳለችው ሚሽን ሮክ ደሴት የማጋዝ ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። የሆኖሉሉን እሳት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። በስቶክተን ጎዳና ላይ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የነበረው ጁ ሆ በጁን መጀመሪያ ክሱን አቀረበ። የክሱ ዋና ነጥብ ቀላል ነበር። መሥመሩ በተባሉት ጎዳናዎች ላይ ቀጥ ብሎ አያልፍም፤ የነጭ ቤት ሲያጋጥመው ይጠመዘዝና ከውጭ ያስቀረዋል፤ ከጎኑ ያለውን የቻይናዊ ቤት ግን ወደ ውስጥ ያስገባል።

እዚህ ላይ እንደ ሙያዬ ጥቂት ልናገር። ማገጃ እንደ ግድብ ነው። ግድብ የሚመዘነው በሚያግደው ነገር ነው፤ ውኃ ለማገድ የተሠራ ከሆነ ውኃው የሚያልፍበት ቀዳዳ እንዳለው ይመረመራል። በሳን ፍራንሲስኮ የተሰመረው መሥመር ግን በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ፣ ፍሳሻቸው ወደ አንድ ቦይ የሚወርድ ሁለት ቤቶችን ለያይቶ አንዱን ብቻ የሚዘጋ ነበር። በሽታውን የሚያዛምተው የአይጥ ቁንጫ መሆኑን ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1898 አስታውቆ የነበረ ቢሆንም ብዙዎቹ ሊቃውንት ገና አልተቀበሉትም። ታዲያ አይጡ በቦዩ ሲመላለስ ገመዱ የሚያግደው ማንን ነበር? ያም ባይታወቅ እንኳ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ብሎ ለሚያምን ሹም ይህ መሥመር ትርጉም የለውም፤ ሥጋና ደም የቤት ባለቤቱን ዘር እየለየ አይታመምምና።

ዳኛው ጁን 15 ቀን በሰጠው ፍርድ እንዲሁ አለ። አሥር ሺህ ሰው በአንድ ላይ ዘግቶ እርስ በርሱ እንዲቀላቀል መተው በሽታውን ከማገድ ይልቅ ያስፋፋዋል፤ ተገቢው ዘዴ በሽተኛው ያለበትን ቤት ለይቶ መዝጋት ነው፤ መሥመሩም በአንድ ዘር ላይ ብቻ ያነጣጠረ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ሲል ወሰነ። አጠቃላዩ እገዳ ተነሣ። ቦርዱ በሽታ አለባቸው ብሎ በምክንያት የሚያምንባቸውን ቤቶች መዝጋቱን እንዲቀጥል ግን ፈቀደለት። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ፍርዱ የማገድን ሥልጣን አልሻረም፤ እገዳው ከበሽታው ጋር እንዲገናኝ አስገደደ እንጂ።

ሞሮው የቻይናውያን ወዳጅ ስለ ነበረ አይደለም። ዳኛ ከመሆኑ በፊት በምክር ቤት በነበረበት ዘመን የቻይናውያንን መግባት የሚያግደውን ሕግ የሚደግፍ ሰው ነበር። ያሰረው የሕጉ ቃል ነው። በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እኩል የሕግ ጥበቃ የሚሰጠው ለ«ዜጋ» ሳይሆን ለ«ማንኛውም ሰው» ነው። በ1886 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ቃል መሠረት አድርጎ ለሌላ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናዊ ፈርዶ ነበር። በእንጨት ቤት ውስጥ የልብስ አጠባ ለማካሄድ ፈቃድ ከጠየቁት 200 ያህል ቻይናውያን አንድም ሰው ሳይፈቀድለት ሲቀር፣ ከ80 ያህል ሌሎች አመልካቾች ግን አንድ ብቻ ነበር የተከለከለው። ፍርድ ቤቱ ሕጉ በወረቀት ላይ ለሁሉ እኩል ቢመስልም አፈጻጸሙ ካዳላ እኩልነት የለም አለ። ሞሮው በ1900 የተጠቀመው በዚህ ፍርድ ነው። «ማንኛውም ዜጋ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ጁ ሆ በአጥሩ ውስጥ በቀረ ነበር።

የዚህ ቃል ክብደት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝና የኢኮኖሚ ውድቀት በሊባኖስ ላይ በአንድነት ሲደርሱ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው እያመጡ ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። እነዚህ ሴቶች ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ይዘው የሚከራከሩበት የሠራተኛ ሕግ አልነበራቸውም፤ በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ከወሰኑ ውጭ አድርጓልና። በዚያው ዓመት ከሰሜን የመን ተባርረው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የተሻገሩ ወገኖቻችን ወረርሽኙን ለመከላከል መራራቅ በሚታዘዝበት ጊዜ በተጨናነቁ ማቆያዎች ታጉረው ከረሙ። የሳን ፍራንሲስኮው ነጋዴ ዜግነት ባይኖረውም የሚከስስበት ደጅ ነበረው፤ የእነዚህኞቹ ችግር ደጁም መዘጋቱ ነበር።

ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስንመለስ፣ ታሪኩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ቸነፈሩ እውነተኛ መሆኑ ነው። ሹማምንቱ መሥመሩን አበላሽተው ቢያሰምሩትም በሽታ የለም አላሉም። የለም ያለው የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ሄንሪ ጌጅ ነው፤ የንግድ ዓለሙን ጥቅም በመጠበቅ ቸነፈሩን ሲክድ፣ እንዲያውም ተሐዋሲው ሆን ተብሎ በሬሳ ላይ ሳይደረግ እንዳልቀረ እስከ መናገር ደረሰ። በ1901 መጀመሪያ ከዋሽንግተን የተላኩ ሦስት ሊቃውንት በሽታው ቸነፈር መሆኑን አረጋገጡ። የክፍለ ሀገሩና የፌዴራሉ መንግሥታት ግን ሪፖርቱ ለጊዜው እንዳይወጣ ተስማሙ። ኪንዩንም በዚያው ዓመት ከሥፍራው ተዛወረ። ስለዚህ የቻይናውያኑ ድል የካጆቹም መደሰቻ ሆነ፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ያን ጊዜም ቀላል አልነበረም፤ ዛሬም አንዳንድ ጸሐፊዎች ያደባልቁታል። ፍርዱ ገመዱን ቢያነሣም ምድር ቤቶቹን አላደረቀም፤ ባለንብረቶቹን ቦይ እንዲያድሱ የሚያስገድድ ቃልም አልነበረበትም። እስከ 1904 ድረስ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ።

የኪንዩንን ሥራ ከወረሱት አንዱ ሩፐርት ብሉ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1903 እና በ1904 በሠፈሩ ውስጥ ያረጁ የእንጨት ተለጣፊዎች ፈረሱ፣ የምድር ቤቶቹ ወለል በሲሚንቶ ተለበጠ፣ አይጥ ተጠመደ። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጡና እሳቱ ከተማውን ከጣሉት በኋላ በ1907 ቸነፈሩ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ 160 ያህል ሰዎች ታመው ከ70 በላይ ሞቱ፤ በሽተኞቹም በአብዛኛው በከተማው ውስጥ ተበታትነው የሚኖሩ ነጮች ነበሩ። የአይጥና የቁንጫው ነገር አሁን ታውቆ ስለ ነበር ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ወጥመድ አኖሩ፣ የቆሻሻ መጣያዎችን በቆርቆሮ ከደኑ፣ የፈረስ ጋጣዎችን በሲሚንቶ አስነጠፉ። በነጮቹ ሠፈሮች ዙሪያ ገመድ ይዘርጋ ብሎ የጠየቀ ሹም አልተገኘም።